ቅልጥም ይዞ የጠፋው አማች

አንዳርጋቸው ወንበር አይበረክትለትም። ሳምንቱን ሙሉ ጎንደር ከተማ ውስጥ መሬት ሲለካ ይሰነብትና፣ ቅዳሜ ሌላው ሰው እግሩን ሰብስቦ ሲያርፍ እሱ ካሜራውን አንጠልጥሎ መናኸሪያ ይገኛል። አንዱን ቅዳሜ ለጭላዳ ዝንጀሮ ወደ ደባርቅ፣ ሌላውን ለውሃ ወፎች ወደ ጣና ዳር ነው። ቤት የዋለ እንደሆነ ጉልበቱ ይንቀጠቀጣል፤ ይነሣል፣ በመስኮት ሰማይ ያያል፣ ይቀመጣል፣ ደግሞ ይነሣል። ሚስቱ ፅዮን ነርስ ናት። ሆስፒታል ውስጥ ስንቱን በሽተኛ ስታስተኛ ውላ ትመጣና ይህን አንዱን ማስቀመጥ ያቅታታል።

ካየው ሁሉ እንቅልፍ የነሣው ጢማሙ አሞራ ነው። ይህ ደረቱ የቀላ፣ ከመንቆሩ ሥር ጥቁር ጢም ያለው ትልቅ አሞራ ከሥጋው ይልቅ አጥንቱን ይወዳል። ቅልጥም በእግሩ ይዞ ሽቅብ ይወጣል፣ ከአለት በላይ ሲደርስ ይለቀዋል፣ ተፈነካክቶ ሲያገኘው ወርዶ ስብርባሪውን ይውጣል። አንዳርጋቸው ሲበርም፣ ቆሞም አንሥቶታል። የቀረችው አጥንቱን የሚለቅባት ቅጽበት ናት።

ለእሷ ሲል ሁዳዴን በሙሉ ቅዳሜ ቅዳሜ አምባ ጊዮርጊስ ተመላለሰ። ከከተማዋ ወጣ ብሎ ካለ ገደል አፋፍ ላይ ነፋስ ሲገርፈው ይውላል። አሞራው ያልፋል፤ እግሩ ግን ባዶ ነው። አንድ ምሽት ከንፈሩ ተሰነጣጥቆ ሲገባ ፅዮን ሽሮውን እያቀረበች ሳቀችበት።

«ምነው አንተ፣ በግ የሚያርድ ቤት በሌለበት ቅልጥም ከየት ያምጣ? አገሩ ሲጾም እሱም አብሮ መጾሙ ነው።»

አንዳርጋቸው ጉርሻውን እንደያዘ ቀረ። እሱ ራሱ ሥጋ ከቀመሰ ስንት ጊዜው ነው፤ የአሞራውን ነገር ግን አንድ ቀን እንኳ አላሰበውም። አፈረ። ኀፍረቱ ግን ብዙም አልቆየም፤ ፋሲካ ትዝ አለው። በፋሲካ የማያርድ ማን አለ?

ፅዮን ፊቱን አይታ ገባት። «እንዳታስበው» አለችው። «ለእማዬ ቃል ሰጥተሃል።»

እናቷ እትዬ የትነበርሽ የሚኖሩት እዚያው አምባ ጊዮርጊስ ነው። ባላቸው አያ ሰውአገኝ ኅዳር ላይ አርፈዋል፤ ከዚያ ወዲህ ሴትዮዋ ሲስቁ ያያቸው የለም። ፋሲካን ያለ ባል ሲውሉ የመጀመሪያቸው ነው። በግ የሚያርድ ወንድ በቤቱ የለም፣ ጎረቤት መጥራቱን ደግሞ አልወደዱትም። ስለዚህ አማቻቸውን «ካራውን አንተ ትይዛለህ። በእሱ ወንበር ተቀምጠህ ዳቦውን ትቆርስልናለህ» አሉት። እሺ አለ። ሲል ከልቡ ነበር።

የፋሲካ ዕለት ጠዋት በስመ አብ ብሎ አረደ፣ ሸጋ አድርጎ ገፈፈ። እትዬ የትነበርሽ ከቅዳሴ መልስ ገና አልገደፉም፤ በአያ ሰውአገኝ ወግ ዳቦው የሚቆረሰው በጉ ታርዶ ጥብሱ ሲደርስ ነው። አንዳርጋቸው ግን እጁ በጉ ላይ፣ ዐይኑ ሰማይ ላይ ነበር። ፅዮን ሥጋውን ይዛ ስትገባ አንዱን ቅልጥም በፌስታል ጠቀለለ፣ በጋቢ ደብቆ ያመጣውን ካሜራ አነሣ።

«ጥብሱ ሳይበስል እመለሳለሁ» አላት በበሩ በኩል።

ፅዮን አልተቆጣችም። «ዳቦው ይጠብቅሃል» ብቻ አለች።

ገደሉ ጋ ደርሶ ቅልጥሙን አለት ላይ አኖረና ጠበቀ። ተቀመጠ፣ ተነሣ። ካሜራውን አበራ፣ አጠፋ። ጥብሱ አሁን ምጣድ ላይ ወጥቷል ብሎ አሰበ። ትንሽ ቆይቶ፣ አሁን በስሏል አለ። ልቡ ግማሹ ከገበታው ግማሹ ከሰማዩ ሆኖ ሁለቱም ቦታ ሳይረጋ ቀረ። የመጣ አሞራ የለም። በመጨረሻ ካሜራውን ወደ ከተማዋ ቢያዞር አሞራው ሁሉ ከቤቶቹ ጣሪያ በላይ ይዞራል። በየጓሮው አጥንት ተጥሎ እያለ ለእሱ አንድ ቅልጥም ማን ገደል ድረስ ይመጣል? የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚባለው ይኸው ነው። አንዳርጋቸው ሮጠ።

ፅዮን ስልኳን ይዛ በሩ ላይ ቆማለች።

«መጥቶ ነበር» አለችው።

«ማን?»

«ጢማሙ። ከጓሮ የጣልነውን አጥንት አንሥቶ ቆርቆሯችን ላይ ለቀቀው። እማዬን በጥቁር ልብሷም ቢሆን ለበዓል ላንሣት ብዬ ስልኬን ደግኜ ነበር።»

አሳየችው። በመጀመሪያው ፎቶ አሞራው ከጣሪያው በላይ እግሩን ከፍቷል፣ አጥንቱ አየር ላይ ነው። እሱ ስንት ቅዳሜ የለመናት ቅጽበት፣ ትንሽ ደብዘዝ ብላ። በሁለተኛው እትዬ የትነበርሽ እጃቸውን ጉንጫቸው ላይ አድርገው፣ አፋቸውን ከፍተው ይስቃሉ። ከኋላቸው በተከፈተው በር የአያ ሰውአገኝ ወንበር ባዶውን ይታያል። አንዳርጋቸው ወደ አሞራው ፎቶ አልተመለሰም። ዐይኑ ወንበሩ ላይ ቀረ።

ሲገባ ዳቦው በነጠላ እንደተሸፈነ ነበር። የነካው የለም። ጥብሱ ቀዝቅዟል።

«ይቅር ይበሉኝ፣ እትዬ።»

«ቁጭ በል ልጄ» አሉት። ሳቃቸው ከፊታቸው ጠፍቷል። «ሰውአገኝ ቢኖር አብሮኝ ይስቅ ነበር። ዞር ብዬ ባይ ወንበሩ ባዶ ነው። ብቻዬን ሳቅሁ።»

አንዳርጋቸው ወንበሩ ላይ ተቀመጠ፣ ነጠላውን ገለጠ፣ ቢላዋውን ዳቦው ላይ አሳረፈ። በዚህ መሐል ከበላያቸው ቆርቆሮው ጓ! አለ፤ አጥንቱ እየተንከባለለ ወረደ። እናትና ልጅ እሱን አዩት። ካሜራው በአንገቱ ነው፣ በሩ ክፍት ነው። ጉልበቱ ከገበታው ሥር መንቀጥቀጥ ጀመረ።

ዳቦውን ቆረሰና የመጀመሪያውን ቁራሽ በሁለት እጁ ለእትዬ የትነበርሽ ሰጠ።