የሞላሁት ክፍተት

አባቴ ስለ ሥራዬ የጠየቁኝ አንድ ጊዜ ብቻ ነው። መድኃኒት የተላመደ የሳንባ ነቀርሳ ይዟቸው፣ መንዝ፣ ሞላሌ ባለው ቤታችን ደጃፍ ፀሐይ እየሞቁ፣ «ለመሆኑ ይኼ የያዘኝ ነገር ምን ይበላል?» አሉኝ። አዲስ አበባ የምማረው ይህንኑ ነበር። የባክቴሪያውን ዘረመል አይቼ ምን እንደሚበላ፣ ከበላውም ምን እንደሚሠራ በኮምፒውተር አሰላለሁ፤ የቱ መንገድ ቢዘጋበት እንደሚሞት እፈልጋለሁ።

«ያደረበትን ሰው ስብ ይበላል፣ አባባ» አልኳቸው።

ቀጭን ክንዳቸውን ከለበሱት ባና ሥር አውጥተው አዩት። «እንግዲያ እኔ ዘንድ መጥቶ በረሃብ ማለቁ ነው!» እናቴ ሳቀች፣ እኔም ሳቅሁ። የእሳቸው ሳቅ ወደ ሳል ሲዞር እናቴ ጀርባቸውን ደገፈች።

ወደ ትምህርቴ ስመለስ ባክቴሪያውን ድል የምነሳው ይመስለኝ ነበር፤ የሞኝ ነገር። ከስሌት ተነስቶ በሽተኛ አፍ እስኪደርስ አንድ መድኃኒት ስንት ዓመት እንደሚፈጅ አሳምሬ አውቃለሁ። ቢሆንም አባቴ ይጠብቁኛል ብዬ ነበር።

በሥራችን አንድ ልማድ አለ። ከዘረመሉ ያገኘነውን ሁሉ አስገብተን ስናሰላ፣ ባክቴሪያው ኮምፒውተሩ ላይ አላድግ ይላል፤ መሐል ላይ የጎደለ ነገር አለ። በሽተኛው ውስጥ ግን በሕይወት እንዳለ እናውቃለን። ስለዚህ ክፍተቱን በግምት እንሞላለን፣ ያድጋል። ማስረጃው በኋላ ይፈለጋል፤ አንዳንዴም ይረሳል።

ክረምት ገባ። ስደውል አባቴ ስልክ ላይ አይቀርቡም። «ተኝተዋል» ትለኛለች እናቴ። ሌላ ቀን «ቤተ ክርስቲያን ሄደዋል» አለችኝ። ከዚያ ደግሞ፣ «ጓሳ ሣር ሊያጭዱ ወጥተዋል»።

ጓሳ፣ የአገሬው የጋራ የሣር ተራራ፣ በክረምት አይታጨድም። ሕግ አለው፤ ሽማግሌዎቹ በበጋ ካልከፈቱት ማጭድ ይዞ የሚወጣ የለም፤ ይህን መንዝ ውስጥ የማያውቅ ሕፃን አይገኝም። ደግሞስ ከደጅ እስከ በረት መሄድ የሚያደክማቸው ሰው ምን ሊያጭዱ? እኔ ግን ሞላሁት። ዘንድሮ ቀደም ብለው ከፍተውት ይሆናል አልኩ። ተሽሏቸው ይሆናል አልኩ። ደስ ብሎኝ ወደ ስሌቴ ተመለስሁ።

ፈተናዬን የጨረስኩ ሰሞን ዘመዶች በማለዳ መጥተው መርዶውን ነገሩኝ። ያ የጓሳ ስልክ ሲደወል አባቴ ከተቀበሩ ሰንብተው ነበር።

አገሬ የገባሁት ከኀዘኔ ንዴቴ ቀድሞ ነው። ለቅሶኛው ወጣ ሲልልን እናቴ ላይ ጮኽሁ። «እንዴት ትዋሽኛለሽ? አባቴን ሳልቀብር እንዴት ታስቀሪኛለሽ?»

ጥቁር ነጠላዋን እያጣፋች ሰማችኝ። «መርዶ በስልክ አይነገርም» አለች። «ሰው በሌለበት ብትወድቂብኝስ? ግን ሆዴ አልችል ሲል፣ ነቅተሽ እንድትጠይቂኝ ብዬ ጓሳ አልኩሽ። ‹በክረምት?› ብትይኝ አልደብቅሽም ነበር። በልቤ ‹በይ በይ› እያልኩ ስጠብቅሽ፣ አንቺ ‹እሰይ! በርትተዋላ!› አልሽኝ።»



«ደስታሽ ብዛቱ!» አለች እናቴ። «እኔም ስልኩን እንደያዝኩ፣ አባትሽ ይመጡ ይሆን ብዬ በሩን አየሁ።»