ጋሽ ሜትር ያዋሰው መጽሐፍ

እውነተኛ ስሙን የምታውቀው ባለቤቱ ብቻ ነች፤ እሷም የምትጠራበት ሲያናድዳት ነው። ለሌላው ሰው ሁሉ ጋሽ ሜትር ነው። ልብስ ሰፊ ስለሆነ አይደለም፣ ልብስ ሰፊማ ሞልቷል፤ ሜትሩን ከአንገቱ ስለማያወርድ ነው። ሠርግ ሲሄድ ሜትሩ አለ፣ ቀብር ሲሄድ ሜትሩ አለ። መታወቂያ ሊያወጣ ሄዶ ፎቶ አንሺው "አውልቀው" ቢለው፣ "ሱሪዬንም አውልቅ በለኛ!" ብሎ ተቆጣና ከነሜትሩ ተነሣ።

ይህን ሰው ዕድሜውን ሙሉ ያንገበገበው አንድ ነገር ነው፤ ሳይጨርሰው የሄደበት መጽሐፍ።

ገና ጎረምሳ ሳለ ከአሮጌ መጽሐፍ ሻጭ አንድ ወፍራም ልብ ወለድ ገዛ። ሽፋኑ ተገንጥሏል፤ ርዕስም የጸሐፊ ስምም የለው። አንዲት ባለጠጋ አሮጊት በተቆለፈ መኝታ ቤቷ በትራስ ታፍና ትገኛለች። ማን ገደላት? ጋሽ ሜትር ልቡ ተንጠለጠለ። እየሰፋ ያነባል፣ እያነበበ ይሰፋል፤ በዚያ ሰሞን አንድ እግሩ ከሌላው የረዘመ ሱሪ የለበሰ ሰው በሰፈሩ በርክቶ ነበር። የመጨረሻው ምዕራፍ ብቻ ሲቀረው ከግራጫ ሱፍ ቁራጭ ዕልባት አድርጎ ከደነው፤ ማታ እግሩን ዘርግቶ ሊጨርሰው።

ያኔ ጓደኛው ገባ። በኋላ ስመ ጥር ደራሲ የሆነው ይህ ሰው ያን ጊዜ ሌላ ከተማ ሥራ አግኝቶ ሱሪ ሊያሳጥር የመጣ ቀጫጫ ነበር። ሱሪው እስኪደርስ መጽሐፉን አንሥቶ ገለጥ ገለጥ አደረገና ዓይኑ ፈጠጠ።

"ለመንገድ ስጠኝ፤ ሳምንት ሳይሞላ በፖስታ እልክልሃለሁ።"

ጋሽ ሜትር እምቢ ማለት አያውቅም። ሰጠው። መጽሐፉ የውሃ ሽታ ሆነ።

ደብዳቤው ግን ይጎርፍ ጀመር። "ወንድሜ፣ መጽሐፍህን እየበላሁት ነው!" ይላል። ጋሽ ሜትር "ብላው፤ ግን ገዳዩን ንገረኝና ብላው" ሲል መለሰ። "ሐኪሙ ነው" የሚል መልስ መጣለት። ቀኑን ሙሉ ሲያፏጭ ዋለ። እራት ላይ ግን ማንኪያውን እንደያዘ ደርቆ ቀረ።

"ሐኪሙ እኮ የዚያን ዕለት ባቡር ላይ ነበር! በዓይኔ አንብቤዋለሁ!"

ይህንኑ ጽፎ ላከ። ደራሲው ምን ቢለው ጥሩ ነው? "ጎበዝ! ስፈትንህ ነው። ገዳይዋ ምግብ አብሳይዋ ነች።" ምግብ አብሳይዋማ እጇ ተሰብሮ በፋሻ ታስሯል፤ ትራሱን በምኗ ትያዘው? "ይኼንንም ደረስክበት! አትክልተኛው ነው።" አትክልተኛው ከፍታ ያዞረዋል፤ ፎቅ ወጥቶ አያውቅም። በኋላ ጭራሽ "አሮጊቷ አልሞተችም፣ ተኝታ ነው" የሚል መጣ። ጋሽ ሜትር በዚህኛው ደብዳቤ ሦስት ቀን ታመመ።

"ይሄ ሰውዬ መጽሐፉን አላነበበውም" አለች ባለቤቱ።

"አፍሽን ቁረጪ! ጋዜጣው ሁሉ 'የንባብ አባት' የሚለው ሰው?"

እውነትም ሰውየው እስከዚያው ገንኗል። በላይ በላዩ ልብ ወለድ ያሳትማል፤ ባሳተመ ቁጥር "ለወንድሜ" ብሎ ፈርሞ ይልካል። ጋሽ ሜትር ግን በዚህ የሚደለል ሰው አይደለም፤ "የኔን ሳይመልስ የሱን አንድ ገጽ ባነብ እርም ይሁንብኝ" ብሎ ማለ። መጻሕፍቱን ከካውያው በላይ ደረደራቸው። የመጀመሪያውን ብቻ የስፌት መኪናዋ እግር ስለሚነቃነቅ ከሥሯ ሸጎጠው። ይህ ማንበብ አይባልም።

ባለፈው ዓመት ደራሲው ሞተ። ጋሽ ሜትር ቀብሩ ላይ ስቅስቅ ብሎ አለቀሰ፤ መሐል ላይ "ወይኔ መጽሐፌ!" ብሎ ሲጮህ ሰዉ የሚያይበት ጠፋው።

ከዚያ አንዲት ወጣት ተመራማሪ ሱቁ ድረስ መጣች።

"ጋሼ፣ የደራሲውን የንባብ ልማድ እያጠናሁ ነው። ለእርስዎ የጻፏቸው ደብዳቤዎች አሉ ሲሉ ሰማሁ።"

"አሉ። መጽሐፌን አምጪና ውሰጂ።"

"የትኛውን መጽሐፍ?"

"ስም የለውም። ግራጫ ሱፍ መጨረሻው ላይ አለ። ሱፉን ካየሽ አበቃ።"

ልጅቷ የሟቹን ቤት ስታገላብጥ ሰነበተችና ተመለሰች። መጽሐፉን በጋዜጣ ጠቅልላ ይዛለች፤ ፊቷ ግን ሳቅም ፍርሃትም ተደባልቆበታል።

"ጋሼ፣ እንዳይቆጡ። ሱፍዎ ያለበት አለ። ሌላ ዕልባት ደግሞ እዚህ አለ።"

ገጽ አሥራ አንድ ላይ አንድ የክብሪት እንጨት ተጋድሟል።

"እስከዚህ ብቻ ነው ያነበቡት። ቤታቸው ያለው መጽሐፍ ሁሉ እንዲሁ ነው፤ ክብሪቱ ከመጀመሪያው ምዕራፍ አይዘልም። መነሻውን ያነቡና የቀረውን ከራሳቸው ይፈጥሩታል።"

"አላልኩህም!" አለች ባለቤቱ ከውስጠኛው ክፍል። ይህችን ቃል ስንት ዘመን አፏ ውስጥ ይዛ እንደኖረች ድምፅዋ ያስታውቅ ነበር።

ጋሽ ሜትር በርጩማው ላይ ዘጭ አለ። "ዕድሜዬን ሙሉ ሲያሞኘኝ ኖሮ ነው የሞተው?" አለ። ከዚያ መነጽሩን አድርጎ ግራጫውን ሱፍ ሳብ አደረገና የመጨረሻውን ምዕራፍ ለሁለቱም ሴቶች ጮክ ብሎ አነበበላቸው። ገዳዩ ከዚያ በፊት ስሙም ያልተነሣ፣ በመስኮት የገባ አንድ መንገደኛ ሌባ ሆኖ አረፈው።

"መስኮት?!" ሜትሩ ከአንገቱ ላይ ዘለለ። "መስኮቱ በሚስማር ተመትቷል ብሎ መጀመሪያ ላይ ጸሐፊው ራሱ ጽፎ! ምን ዓይነት ዓይን ያወጣ ቀጣፊ ነው! የወንድሜ አትክልተኛ በስንት ጣዕሙ!"

ብድግ ብሎ ወረቀትና እስክሪብቶ ጎተተ። "ወንድሜ፣ ጉድህን ስማ" ብሎ ጻፈ። እዚያ ላይ እጁ ቆመ። የሚላክለት የለም። ቀብሩ ላይ ያለቀሰው ለመጽሐፉ ነበር፤ አሁን ግን የናፈቀው ሰውየው ነው።

ተመራማሪዋ ከቦርሳዋ በክር የታሰሩ ደብዳቤዎች አወጣች። የጋሽ ሜትር የራሱ እጅ ጽሕፈት ነው። እጥፋታቸው ሊበጠስ ደርሷል፣ ከዳር እስከ ዳር ተሰምሮባቸዋል፤ "ባቡር" የሚለው ቃል ሁለት ጊዜ ተከብቧል።

"ለእህታቸው የጻፉትም አለ" አለችና አነበበች። "'ለልብስ ሰፊው መጽሐፉን ብመልስለት መጻፍ ይተዋል። ከሱ ደብዳቤ በቀር ደግሞ እስከ መጨረሻው የማነበው ነገር የለኝም።'"

ጋሽ ሜትር ተንበርክኮ ከስፌት መኪናዋ ሥር የተሸጎጠውን መጽሐፍ መነጨቀው። መኪናዋ ወደ ጎን አጋደለች፤ መቀሱ፣ ጠመኔው፣ አንድ ቆርቆሮ ሙሉ ቁልፍ ወለሉ ላይ ተበተነ። እሱ ቁብም አልሰጠው። መሬት ላይ እንደተቀመጠ ማንበብ ጀመረ፤ አሮጊት አለች፣ የተቆለፈ ክፍል አለ፣ ሐኪም አለ። ጥቂት ገጾች እንደሄደ ጣቱ አንድ መስመር ላይ ተተከለ። ሐኪሙ ጣቢያው ሲደርስ ባቡሩ ጥሎት ሄዷል።

"አስተካክሎታል" አለ፤ እንባውን በሜትሩ ጫፍ ጠረገ። "ሰምቶኛል እኮ።"

"እሱ ገና ምኑ ነው" አለች ባለቤቱ ቁልፉን እየለቀመች። እሷ እንደሱ እርም ብላ አልማለችም፤ የደራሲውን መጻሕፍት ሁሉ ድሮ ጨርሳቸዋለች። "መጨረሻ ላይ እኮ ገዳዩ..."

"ዋ! አንድ ቃል ከአፍሽ ብትወጣ!" ብሎ ጮኸ ጋሽ ሜትር፤ መጽሐፉንም ደረቱ ላይ ለጠፈው። "ይኼንንስ ራሴ ነኝ የምጨርሰው!"