የሐጂ ሞተርና ቀኝ ጆሮዬ

በባሕር ዳር ሐይቅ ዳርቻ ሞተር የሚያዳምጥ እንደኔ ያለ ሰው አልነበረም። ራሴን ለማወደስ አይደለም፤ ሌላ የሚስተካከለኝ ስለጠፋ ነው። የትምህርት ቤት ደጃፍ ሳልረግጥ፣ ፊደል ከዘይት ጣሳ ላይ እየለቀምሁ፣ ሞተር ፈትቶ መግጠምን ማንም ሳያሳየኝ ተማርሁ። ከቁንዝላ፣ ከደልጊ፣ ከጎርጎራ የሚመጡ ባለጀልባዎች ሞተራቸው ሲታመም መጀመሪያ የሚጠይቁት እኔን ነበር። ኮሌጅ የጨረሱት መካኒኮች ዕቃውን በትነው ሲጨነቁ እኔ አንድ ብሎን ሳልፈታ በሽታውን እናገር ነበር።

ዘዴውን ያወጣሁት ራሴ ነኝ። እጀታው የእንጨት የሆነ ረጅም ካቻቢቴ አለኝ። ሞተሩ እየሠራ ጫፉን ብረቱ ላይ አሳርፍና እጀታውን ከቀኝ ጆሮዬ ኋላ ካለው አጥንት ላይ እደግፈዋለሁ። ከዚያ ካቻቢቴውን አንሥቼ በባዶ ጆሮዬ አዳምጣለሁ። ድምፁ በአየር ከበረታ ሕመሙ ከውጭ ነው፤ ቺንጋው፣ ማለት የጎማ ቀበቶው፣ ወይም ጭስ ማውጫው ይሆናል። በአጥንቴ ከበረታ ግን ሕመሙ ከውስጥ ነው፤ ዘንጉ የሚሽከረከርበት ኩሽኔታ ተበልቷል። በዚህ ሕግ ዕድሜዬን ሙሉ ሠራሁ።

ከፋሲካ ወዲህ ግን የሐይቁ ሞተር ሁሉ ከውስጥ ይታመም ጀመር። የመጀመሪያውን ፈታሁት፤ ኩሽኔታው እንደ አዲስ ያበራል። በጊዜ ደረስሁበት ብዬ ቀየርሁት። ሁለተኛውም እንዲሁ ሆነ። ናፍጣው ነው የሚያበላሻቸው ብዬ ለሰው ሁሉ አወራሁ። ሦስተኛው የሐጂ ሞተር ነበር።

ሐጂ ነጋዴ ነው፤ በጀልባው ስኳርና ዘይት ወደ ቁንዝላ ያደርሳል፣ ሽንኩርትና ሰው ይዞ ይመለሳል። ጸጉራችን ጥቁር ከነበረበት ጊዜ ጀምሮ ወዳጄ ነው። ሞተሩን ሁለት ጊዜ አዳመጥሁና፣ አልቆለታል፣ ብትከፍተውም ሬሳ ነው የምታገኘው አልሁት። ሌላ ሞተር የሚያመጣበት አቅም እንደሌለው አውቃለሁ። ሞተሩ ከሄደ ጀልባዋም ንግዱም አብረው ይሄዳሉ። ሐጂ ቁርጥራጭ ብረት ከሚሰበስብ የጎንደር ነጋዴ ጋር ለሚቀጥለው ቅዳሜ ተቀጣጠረ።

በዚያው ሳምንት ልጄ ክሊኒክ ካልሄድህ ብላ ያዘችኝ። የመንግሥት ሠራተኛ ናት፤ እንደ አለቃዋ መናገር ለምዳለች። ቴሌቪዥኑን ታስጮኸዋለህ፣ ስልክ በግራ ጆሮህ ብቻ ነው የምታነጋግረው አለችኝ። ስልክ በግራ የምይዘው ቀኝ እጄ ሥራ ስለሚበዛበት ነው አልኋት። ቀኝ ጆሮዬ ሲያሳክከኝ ጤና አዳም በዘይት አሙቄ ጠብ እንደማደርግበትና በጥጥ እንደምደፍነው ግን ታውቅ ነበር። ጆሮዬ ደህና ነው ሲሏት እንድታፍር ብዬ አብሬያት ሄድሁ።

የጆሮ፣ የአፍንጫና የጉሮሮ ሐኪሟ ከልጄ የምታንስ ሴት ናት። ግንባሯ ላይ መብራት አስራ ጆሮዬን አየች፤ አፍንጫዬንም ጉሮሮዬንም አየች። ከዚያ ሁለት ጣት ያላት ብረት ከመሳቢያ አውጥታ ጉልበቷ ላይ መታ አደረገቻትና፣ ብረቷ እየጮኸች ሳለ እጀታዋን ከቀኝ ጆሮዬ ኋላ አጥንቱ ላይ አሳረፈቻት። ቀጥላ ከጆሮዬ ፊት አየር ላይ ያዘቻት። የቱ ይበረታል ብላ ጠየቀችኝ።

ሳቄን መያዝ አቃተኝ። ይህ እኮ የኔ ዘዴ ነው አልኋት፤ አንቺ ሳትወለጂ ጀምሮ የምሠራበት ነው። በአጥንት ይበረታል አልሁ። ብረቷን መካከል ግንባሬ ላይ አቆመቻትና ድምፁ ወዴት እንደሄደ ጠየቀችኝ። ወደ ቀኝ አልሁ።

«እንግዲህ የደከመው ቀኙ ነው፣ አባት።»

«የደከመው ጆሮ እንዴት አብልጦ ይሰማል?»

ግራ ጆሮዎን በጣትዎ ይድፈኑት አለችኝና ብረቷን ድጋሚ ግንባሬ ላይ አደረገቻት። ደፈንሁት። ድምፁ ከቀኝ ተነሥቶ እየተሳበ ወደ ደፈንሁት ጆሮ መጣ። ጣቴን ሳነሣ ተመለሰ። ሦስት ጊዜ አስደገምኋት። ልጄንም አስሞከርኋት፤ እሷ መሀል ላይ ነው የምሰማው አለች። ሐኪሟ የውጭው መንገድ ሲዘጋ በአጥንት የሚገባው ድምፅ እንደሚበረታ፣ በጤነኛ ጆሮ ግን ሁልጊዜ በአየር የሚገባው እንደሚበልጥ አስረዳችኝ። ጆሮዎ ውስጥ ጥጥና ኩክ ተጋግሮ ደርቋል፤ ዘይትዎን ይተዉና ይህን ጠብታ አምስት ቀን አድርገው ይምጡ አለች።

ወደ ቤት ስመለስ ባጃጁ ውስጥ ነገሩ ዞረብኝ። ጥጤ ነው ሞተሮቹን ያሳመማቸው? ነው ብልስ፣ በጤነኛ ጆሮ ሁልጊዜ አየሩ የሚበልጥ ከሆነ፣ ስንት ሰው ነው ያለ በሽታው ቺንጋ ያስቀየርሁት? ግን እኮ ሞተሮቹ እኔ ከነካኋቸው በኋላ ሠርተዋል። ለምን እንደሠሩ ሐኪሟም ልትነግረኝ አትችልም። አምስቱን ቀን ጠብታውን አደረግሁ። ሁለት ጊዜ ስልኬን አንሥቼ ለሐጂ ሳልደውል አስቀመጥሁት። ሞተሩ እውነት ሞቶ ቢሆንስ?

ዓርብ ሐኪሟ ጥጡን በመምጠጫ አወጣችው፤ ጠቁሮ ባቄላ አክሏል። በር ሲዘጋ፣ ሰው ሲረግጥ፣ የገዛ ምራቄን ስውጥ ሁሉም ጮኸብኝ። ሐኪሟ ግን ውስጡም በሞተር ጩኸት ደክሟል፣ ቀጫጭን ድምፆች ከእንግዲህ አይመለሱም አለች። የትኞቹ እንደሆኑ ብጠይቃት፣ የማይሰሙትን እንዴት ልንገርዎ ብላ ሳቀች።

ቅዳሜ ጠዋት ዳርቻው ስደርስ የጎንደሩ ነጋዴ ሞተሩን ከጀልባዋ ሊያስፈታ ሰዎቹን ይዞ ቆሟል። ሐጂን አትሽጠው አልሁት።

«ሬሳ ነው አላልህም?»

«የታመመው ጆሮዬ ነበር።»

ሐጂ ቀኝ ጆሮዬን አየ፤ ዞሮ ግራዬንም አየ። «አሁንስ በየትኛው ነው የምትነግረኝ?»

ነጋዴውና ሰዎቹ ሳቁ። በዚያ ዳርቻ ሰው ሲስቅብኝ የመጀመሪያዬ ነው። ሐጂን ሞተሩን አስነሣው አልሁት። ሲነሣ ጎንበስ ብዬ አዳመጥሁ። ሰምቼው የማላውቀው ማፏጨትና መንኳኳት ሞላበት፤ የሞተሩ ይሁን የውሃው ይሁን የኔው መለየት አቃተኝ። እንዲህ ያለ ነገር ገጥሞኝ አያውቅም። ሐጂ ፊቴን ያይ ነበር።

«ደህና ነው?»

«አላውቅም» አልሁት። ይህን ቃል ስለ ሞተር ተናግሬው አላውቅም።

ሐጂ ነጋዴውን እስከ ማታ ቆየኝ አለው። ስኳሩ ተጫነ። ከዚያ ወደኔ ዞሮ፣ «ውጣ፤ ከቆመ አብረን እንቀዝፋለን» አለኝ።

ቁንዝላ እስክንደርስ ከሞተሩ ጎን ተቀምጬ ነበር። ትንሽ በተንኳኳ ቁጥር አለቀ እላለሁ፤ አያልቅም። ጀልባዋ ዳር ስትነካ ሐጂ ስልኩን አውጥቶ ለነጋዴው ደወለና አይሸጥም አለው።

ሸክሙ ሲወርድ ጠየቅሁት። አልቆለታል ያልሁህ ቀን የሞተሩ ድምፅ ላንተ እንዴት ይሰማህ ነበር?

«እንደ ወትሮው ነበር።»

«ታዲያ ለምን አልነገርኸኝም?»

«ያልኸው አንተ ነህ ብዬ ነዋ።»

ይህን ብሎ ወደ ሽንኩርቱ ሄደ። ምስጋና ይሁን ወቀሳ አልለየሁትም። ተከትዬው ልጠይቀው አሰብሁና ተውሁት፤ ጀልባዋ ላይ ወጥቼ ስንመለስ ከሞተሩ ራቅ ብዬ የምቀመጥበትን ቦታ መፈለግ ጀመርሁ።