ገጽ ሁለት መቶ አስራ አራት ላይ ያለው ካዝና

የዛሬ ሦስት ሳምንት ጠዋት... ከአዋሽ ወደ ሰመራ በሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ ልብወለድ እያነበብኩ ነበር። ፖለቲካም ሳይንስም ያለበት፣ ልብ አንጠልጣይ ነገር ነው። አንዲት ሳይንቲስት የሐይቅ ውሃ መርምራ መርዝ ታገኛለች፣ ሚኒስትሩ ውጤቱን ካዝና ውስጥ ይቆልፍበታል፣ እሷን ደግሞ ገዳይ ያሳድዳታል። በዚያ ሙቀት ላቤ ገጹ ላይ እየተንጠባጠበ እንኳ ቀና አላልኩም።

አጠገቤ የተቀመጡት የአፋር ሽማግሌ ሐጂ ሁመድ ይባላሉ። ገዋኔን እንዳለፍን ወደ እኔ ዞር አሉ።

«ዳጉ አለህ?»

አፋር ሰው ሲያገኝ ዳጉ ይጠይቃል። ያየኸውንና የሰማኸውን ትነግረዋለህ፣ እሱም ይነግርሃል። የሌለ ወሬ መጨመር ነውር ነው። ሰመራ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ውስጥ፣ ያውም ውሃ ክፍል፣ ስሠራ ስድስት ዓመቴ ስለሆነ ይህን አሳምሬ አውቃለሁ። ግን ገዳዩ የሳይንቲስቷ ሆቴል ደጃፍ ደርሷል... ቶሎ ልገላገላቸው ብዬ ዓይኔን ሳልነቅል የማነበውን ነገርኳቸው።

«ውሃው ተመርዟል። አንዲት ሴት መርምራ አግኝታዋለች፣ ባለሥልጣኑ ውጤቱን ካዝና ውስጥ ቆልፎበታል።»

«የት ያለ ውሃ?»

«ወንዙ ባሕር ሳይደርስ የሚያልቅበት ሐይቅ።»

ደራሲው የትኛውን አገር አስቦ እንደጻፈው አላውቅም። ሐጂ ግን ባሕር ሳይደርስ የሚያልቅ ወንዝ የሚያውቁት አንድ ብቻ ነው፣ እሱም አዋሽ ነው፣ ከመንገዱ ብዙ ሳይርቅ አብሮን እየወረደ ነበር። ስልካቸውን አውጥተው በአፋርኛ አወሩ። እኔ የገባኝ «አፋምቦ» የሚለው፣ ወንዙ የሚያልቅበት ወረዳ ስም፣ ብቻ ነው። ሚሌ ለምሳ ስንወርድም ከድንበሩ ከገላፊ ከመጡ የከባድ መኪና ሾፌሮች ጋር ቆመው ሲያወሩ አይቻለሁ። እኔ ጥብሴን እየበላሁ አነባለሁ።

ሎግያ ስንደርስ አለቃዬ ደወለ።

«ቀጥታ ቢሮ ና። የአፋምቦ ውሃ ተመርዟል እየተባለ ነው። አንዲት ሴት መርምራ አግኝታው ባለሥልጣን ካዝና ውስጥ ቆልፎበታል ይላሉ። ማስተባበያ ጻፍ።»

ካዝናው ገጽ ሁለት መቶ አስራ አራት ላይ ነው።

«ውሃው ተመርምሮ ያውቃል?» አልኩት።

«ምርመራን ምን አመጣው? ተመርምሯል፣ ምንም የለበትም ብለህ ጻፍ።»

ወሬው ከእኔ ነው የወጣው ልለው አፌን ከፍቼ ነበር... የሥራ አፈጻጸም ምዘናዬ ትዝ አለኝና ዘጋሁት።

ለሐጂ ግን ነገርኳቸው።

«ሐጂ፣ ይቅር ይበሉኝ። የነገርኩዎት እውነት አይደለም፣ ከዚህ መጽሐፍ ነው።»

«የጻፈው ሰው አይቶ ነው ሰምቶ?»

«አላየም፣ አልሰማም። ከራሱ ፈጥሮ ነው።»

ስልካቸውን አወጡ። ለካ በስልክ ያወሩት ከልጃቸው ጋር ነው፤ ልጁም ወዲያው ፍየሎቹን ከውሃው መልሷቸዋል። ከረፋድ ጀምሮ አልጠጡም። እዚያው ደውለው ወሬው ውሸት እንደሆነ ነገሩት። እኔን አልተቆጡኝም። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

ቢሮ ገብቼ ማስተባበያውን ጻፍኩ። «መሠረተ ቢስ» የሚለውን ሁለት ቦታ አስገባሁ፣ አለቃዬ ሦስተኛ ጨመረበት። ሳይመሽ ማኅተም ተመትቶበት ፌስቡክ ላይ ወጣ።

በማግስቱ ሐጂ ከአፋምቦ የተቀዳ አንድ ጠርሙስ ውሃ ይዘው ጠረጴዛዬ ፊት ቆሙ።

«ልጄ እኔን አምኖ ፍየሎቹን አጠጥቶ ነበር» አሉኝ። «የእናንተን ወረቀት ሲሰማ ግን እንደገና ይዟቸው ሸሸ። መንግሥት ምንም የለም ካለ የሆነ ነገር አለ ይላል።»

ጠረጴዛዬ ላይ ያለውን ማስተባበያ በጣታቸው ጠቆሙ።

«ወረቀቱን የጻፈው ሰው ውሃውን አይቷል?»

«አላየም።»

«ካየ ሰው ሰምቷል?»

«አልሰማም።»

«ማነው እሱ?»

«እኔ ነኝ...»

ጠርሙሱን ማስተባበያው ላይ አስቀመጡት።

«እንግዲያው እየው» ብለውኝ ወጡ።

ጠርሙሱን ይዤ አለቃዬ ጋ ገባሁ። «ተመርምሯል ብለን ጽፈን እንዴት ነው አሁን የምንመረምረው?» አለኝ። እውነቱን ነው፣ ጠርሙሱን ይዤ ወደ ጠረጴዛዬ ተመለስኩ። እስከ ዛሬ ፍየሎቹ ሌላ ውሃ ፍለጋ ግማሽ ቀን ይሄዳሉ። ሐጂ በየሦስት ቀኑ እየደወሉ «አየኸው?» ይሉኛል። አፍራለሁ፣ ስልኩን ግን አነሳለሁ።

ልብወለዱን ጨርሼዋለሁ። ሚኒስትሩ አንዲት ጠርሙስ ውሃ ለመደበቅ ካዝናም፣ ገዳይም፣ ሄሊኮፕተርም አስፈልጎታል... የእኛዋ ጠረጴዛዬ ላይ በግላጭ ቆማለች፣ የነካት የለም።