«ተደምስሷል» ተብሎ የተፈረመባቸው ዲስኮች

የሥራ ባልደረቦቿ «አይጣሌ» ይሏታል። ቤቷን ያየ ሰው ስሙ ከየት እንደመጣ አይጠይቅም። የተሰበረ ጃንጥላ፣ ክዳን የሌለው ብልቃጥ፣ ባሏ ደጋግሞ የጣለው እሷ ደጋግማ የመለሰችው ሬዲዮ፣ ሁሉም አለ። «አንቺ ሴትዮ፣ እኔንም ያልጣልሽኝ በዚሁ አመልሽ ነው» ይላታል ባሏ። «ታዲያ ምን ጎደለብህ?» ትለዋለች።

ቤት ውስጥ ሲሆን ያስቃል። መሥሪያ ቤት ሲሆን ግን፣ ወየው!

የምትሠራው የአንድ ትልቅ ሆስፒታል ዳታ ሴንተር ውስጥ ነው። ቀዝቃዛ ክፍል፣ የማያቋርጥ የማራገቢያ ጩኸት፣ ክረምት ከበጋ የማይወልቅ ሹራብ። የሆስፒታሉ ክፍሎች የሚሠሩባቸው ኮምፒውተሮች አብዛኞቹ በእጅ አይዳሰሱም፤ በጥቂት ትልልቅ ሰርቨሮች ውስጥ በሶፍትዌር የተፈጠሩ ናቸው። ዲስካቸውም እንደዚሁ ከትልቁ ማከማቻ እየተቆረሰ የሚሰጥ ቨርቹዋል ዲስክ ነው። እሱን መፍጠር፣ ማስፋት፣ ከአንዱ ነቅሎ ለሌላው መሰካት፣ ሲያበቃም መደምሰስ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ የአይጣሌ ሥራ ነበር።

ታዲያ መደምሰሱን አትደመስስም! ጀማሪ ሳለች ፎርም መጣላትና አንድ ዲስክ ደመሰሰች። በዘጠነኛው ቀን የክፍሉ ጸሐፊ «በስህተት ነው የጻፍነው» እያለች መጣች። የፈሰሰ ውሃ አይታፈስ ነገር፣ አብረው ተቀምጠው አለቀሱ። ከዚያ ወዲህ «ይደምሰስ» የሚል ፎርም ሲመጣ ዲስኩን ከኮምፒውተሩ ትነቅልና እዚያው ማከማቻው ውስጥ ትተወዋለች፤ ፎርሙ ላይ ግን «ተደምስሷል» ብላ ትፈርማለች። ክፉ አስባ አይደለም። ግን ውሸት ውሸት ነው፤ ፊርማ ያረፈበት ውሸት ደግሞ ያስጠይቃል።

እሷው ሥራ ያስለመደችው ወጣት አለቃ ሆነባትና ይህን ሁሉ በራሱ የሚሠራ ፕሮግራም አዘጋጀ። ፕሮግራሙ ዲስክ ይፈጥራል፣ ያሰፋል፤ ከሠላሳ ቀን በላይ ከምንም ሳይሰካ የቆየውን ደግሞ ባለቤት የለውም ብሎ ይደመስሳል። ትናንት የሚደመሰሱትን ዝርዝር አመጣላት። ሁለት መቶ አሥራ አራት ናቸው።

«እትዬ፣ ከነዚህ ውስጥ የምታውቂው አለ?»

ሁሉንም ታውቃቸዋለች! ጡረታዋ ሦስት ወር ነው የቀረው።

«የለም» አለች።

ዛሬ ጠዋት አራት ሰዓት ላይ ፕሮግራሙ ጀመረ። አለቃው ፎቅ ላይ፣ ስብሰባ ክፍል ውስጥ፣ ለዳይሬክተሯና ለክፍል ኃላፊዎቹ በትልቁ ስክሪን እያሳየ ነው። አይጣሌ ታች ጠረጴዛዋ ላይ ሆና ቁጥሩን ትከታተላለች። አንድ ዲስክ በጠፋ ቁጥር በአንድ ይጨምራል። ሃያ ሰባት ላይ ሲደርስ ስልኳ ጮኸ። የጨረር ሕክምና ክፍል ሐኪሟ ነበረች።

«ይቅርታ፣ ሥራ አስፈታሁዎት። ከስድስት ዓመት በፊት እኛ ጋ ጨረር የወሰደች እናት አንገቷን አሟት ተመልሳ መጥታለች። ያኔ አከርካሪዋ ምን ያህል ጨረር እንዳገኘው ካላወቅን ደግመን ልንሰጣት አንችልም፤ ከመጠን ካለፈ ሽባ ያደርጋታል። አዲሱ ሲስተም ላይ መዝገቧ የለም። አሮጌው ዲስክ ተደምስሷል የሚል ፎርም አገኘን፤ የፈረሙት እርስዎ ነዎት። ቅጂ እንኳ አይኖርም?»

«ፎርሙ ሲፈረም ቅጂውም ይጣላል፣ ዶክተር።» ቅጂ መጣል የሌላ ሰው ሥራ ነው፤ ያ ሰው ደግሞ እንደሷ አልዋሸም። «አሥር ደቂቃ ይስጡኝ።»

ዝርዝሩን ቁልቁል ገፋችው። የጨረር ክፍል አሮጌ ዲስክ፣ ስድሳ አንደኛ። ቶሎ ብላ ከአንድ ኮምፒውተር ጋር ልትሰካው ሞከረች፤ ዝርዝሩ ውስጥ የገባ ሁሉ ተቆልፏል። ፕሮግራሙን ላቁም አለች፤ «ፈቃድ የለዎትም» አላት። ፈቃዱ ያለው አለቃው ብቻ ነው። ደወለችለት፤ ስልኩን ዘግቶታል። ሠላሳ ስምንት።

በአሮጌ ጉልበቷ ደረጃውን ወጣችው። መሃል ላይ አንድ ሐሳብ መጣባት፤ ዝም ብትልስ? ወረቀቱ እንደሆነ ተደምስሷል ይላል። ማን ይንገር የነበረ፣ ማን ያርዳ የቀበረ፤ የነበረችውም የቀበረችውም እሷው ብቻ ናት። ያቺ እናት ግን አንገቷን ደግፋ እየጠበቀች ነው። «አንቺ ክፉ» አለች ራሷን፣ የቀረውን ደረጃም በሩጫ ጨረሰችው።

በሩን ሳታንኳኳ ከፈተችው። ስክሪኑ ሃምሳ ሁለት ይላል።

«አቁመው!»

ሰው ሁሉ ዞረ። አለቃው ፈገግ አለ። «አይዞሽ እትዬ፣ በደንብ እየሠራ ነው። ባለቤት የሌላቸው ናቸው፣ ትናንት አንቺው...»

«ዋሽቼህ ነው! ሁሉንም ነቅዬ ያስቀመጥኳቸው እኔ ነኝ። ተደምስሷል ብዬ የፈረምኩት ሁሉ ውሸት ነው። በእናትህ አቁመው፣ ስድሳ አንደኛው የሰው ነፍስ ነው!»

ሃምሳ ስድስት። አለቃው ዳይሬክተሯን አየ።

«ምን ትጠብቃለህ? አቁመዋ!» አለች ዳይሬክተሯ።

የይለፍ ቃሉን ጻፈ፤ ተቻኩሎ ተሳሳተ። ሃምሳ ዘጠኝ። ደግሞ ጻፈ። ስድሳ ላይ ቆመ።

ከምሳ በፊት ዲስኩ ተሰክቶ የሴትዮዋ መዝገብ ተገኘ። «ከመጠን አላለፈም፣ ልናክማት እንችላለን» አለች ሐኪሟ፣ ድምጿ በደስታ እየተቆራረጠ። አይጣሌ ስልኩን ዘግታ አለቀሰች። ስድሳዎቹ ግን ሄደዋል። ትናንት «አለ» ብትል ኖሮ አንዳቸውም ባልጠፉ። ይህን ማንም ሊነግራት አያስፈልግም።

ከሰዓት በኋላ ደብዳቤ ደረሳት፤ ጉዳይዋ እስኪጣራ ከሥራ ታግዳለች። አለቃው አንድ ፎርም ይዞ መጣ፤ ዓይኗን ማየት አቅቶታል። ፎርሙ «የሠራተኛዋ የሲስተም መግቢያ ተደምስሷል» ይላል፤ ከሥሩ የሱ ፊርማ አለ። እሷም ከጎኑ ፈረመች። ሹራቧን አውልቃ አጣጠፈች።

«ደመሰስከው?»

በሩን ዞር ብሎ አየ። «ነቅዬ ነው ያስቀመጥኩት፣ እትዬ» አለ ድምጹን ዝቅ አድርጎ። «ነገሩ ሲበርድ መልሼ እሰካዋለሁ።»

እስክሪብቶውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች።

«ና» አለችው። «ና፣ የፈረምከውን ሥራ።»

ኮምፒውተሩ ፊት አስቀመጠችው። እያንገራገረም ቢሆን ቁልፉን ተጫነ። አይጣሌ ስሟ ከተጠቃሚዎች ዝርዝር እስኪጠፋ ድረስ ከጎኑ ቆማ አየች።