በበዓል ድንኳን ያገኘነው ወንድሜ

ታላቅ ወንድሜ ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነበር። ዊንጌት አካባቢ ካለው ቤታችን ጠዋት የመሣሪያ ቦርሳውን አንግቶ ይወጣና፣ ማታ ለእናታችን ሙዝ ወይም ብርቱካን በፌስታል ይዞ ይገባል። አባታችን ልጆች ሳለን ስለሞተ የቤቱ አባወራ እሱ ነው። ዝምተኛ ነው፤ ሲስቅ እንኳ ድምፁ አይሰማም።

አንድ ክረምት እንቅልፍ እምቢ አለው። ጣሪያችን ላይ ሰዎች ተቀምጠው ስለ እሱ እንደሚያወሩ ይነግረን ጀመር። ሆስፒታል ወሰድነው። መድኃኒት ጀመረ፣ ተሻለው፣ ተሻለኝ ብሎ መድኃኒቱን ተወ፣ እንደገና ታመመ። ከዚያ እናቴ እንጦጦ ጸበል ይዛው ወጣች፤ እዚያው ቤት ተከራይታ አብራው ከረመች። አንድ ቀን ቅዳሴ አስቀድሳ ስትመለስ ብርድ ልብሱ ተጣጥፎ ፍራሹ ላይ ተቀምጧል፤ እሱ የለም።

ፎቶውን ይዘን መርካቶን ዞርን፣ ለገሃርን ዞርን፣ አውቶቡስ ተራ ያሉትን ሁሉ ጠየቅን። አንዳንዱ «አይቼዋለሁ» ይላል፤ ስንሄድ ሌላ ሰው ይሆናል። እኔ የምሠራው ጽሕፈት መሣሪያ ቤት ስለሆነ ፎቶውን እዚያው እያባዛሁ በየግንቡ እለጥፋለሁ፤ ዝናብ ይመጣና ያረግፈዋል። መልሼ እለጥፋለሁ። ዓመት አለፈ፣ ሌላም ዓመት ተከተለ።

በዓል ሲመጣ እናቴ የምታደርገው ነገር ነበራት። ዶሮው እንደደረሰ፣ ቤት ውስጥ ማንም ሳይቀምስ፣ አንድ ሳህን ሞልታ ታወጣና በነጠላዋ ሸፍና ትወጣለች። ሰፈራችን ካለው ቤተ ክርስቲያን አጥር ሥር ከሚያድሩት መሐል የወንድሜ እኩያ የሚመስላትን ትመርጣለች። ሰጥታው አትመለስም፤ አጠገቡ ድንጋይ ላይ ቁጭ ብላ በልቶ እስኪጨርስ ታየዋለች።

አንዴ «እማዬ፣ ሳህኑን ትተሽለት ነይ እንጂ፣ ሰውየው ያፍራል» አልኳት።

«የሰው ልጅ አጠገብ ካልተቀመጥኩ፣ የኔም ልጅ አጠገብ ማንም አይቀመጥም» አለችኝ። ከዚያ በኋላ ተናግሬያት አላውቅም።

እኔ በዚያ ጊዜ የበዓል ምጽዋት የሚሉት ነገር ያናድደኝ ነበር። ዓመቱን ሙሉ የጎዳናውን ሰው ዘሎት የሚያልፈው ሁሉ፣ ፋሲካ ሲደርስ ድንኳን ይተክላል፣ በሬ ይጥላል፣ ካሜራ ይደቅናል። የሚበሉት ሰዎች አንገታቸውን ሲደፉ፣ ነጠላ ፊታቸው ላይ ሲስቡ በስልኬ አያለሁ። እንዲህ ያለ ቪዲዮ ሲመጣ ቶሎ አልፈው ነበር።

በአንድ ፋሲካ ማታ የአክስቴ ልጅ ደወለችልኝ። «የላኩልሽን ቪዲዮ አየሽው? መጨረሻው ላይ፣ ምሰሶው ሥር የተቀመጠውን» አለችኝ።

ሽሮሜዳ አካባቢ ያሉ ወጣቶች ያዘጋጁት ግብዣ ነው። ኳስ ሜዳ ላይ ድንኳን ተተክሏል፤ አንድ ዓይነት ቲሸርት የለበሱ ልጆች እንጀራና ወጥ ያድላሉ፤ አንዱ በማይክራፎን «እንኳን አደረሳችሁ» ይላል። ካሜራው በተቀመጡት ላይ ቀስ እያለ ሲያልፍ አብዛኛው ሰው ፊቱን ያዞራል። ምሰሶው ሥር የተቀመጠው ሰው ግን አላዞረም። ጺሙ ደረቱ ላይ ደርሷል፣ በጣም ከስቷል፣ ግንባሩ ላይ የልጅነት ጠባሳው አለ። ካሜራውን ቀና ብሎ አየና ወደ ሳህኑ ተመለሰ።

ስልኩን ለእናቴ ሰጠኋት። ትጮኻለች ብዬ ፈርቼ ነበር። አልጮኸችም። ስልኩን ወደ ዓይኗ አስጠጋችና «እየበላ ነው» አለች። እንደገና ከፈትኩላት። «ሥጋ ሰጥተውታል፤ አየሽ?» አለችኝ። እንባዋ የስልኩን መስታወት ስላራሰው በቀሚሷ እየጠረገች ደጋግማ አየችው።

በማግስቱ ገና ጠዋት ሽሮሜዳ ደረስን። ከቤታችን ያን ያህል ሩቅ አይደለም፤ እኛ ከተማውን ስናስስ እሱ እዚያው ክፍለ ከተማችን ጉለሌ ውስጥ ነበር። ድንኳኑ ተነስቷል። ግብዣውን ያስተባበረው ወጣት ሰፈሩ ውስጥ የሚታወቅ ልጅ ነው፤ ሱቁ ድረስ ሄደን አገኘነው። ፎቶውን አይቶ ፊቱ ተለወጠ።

«እናቴ፣ እሱን የምናየው በበዓል ብቻ ነው። ከላይ ከጫካው በኩል ይመጣል፣ ይበላል፣ ይሄዳል። ከሰው ጋር አያወራም» አላት።

ወደ እንጦጦ ወጣን። ጭራሮ ተሸክመው የሚወርዱትን ሴቶች ጠየቅን፤ አንዳንዶቹ «የሚያጉረመርመው ነው?» አሉን፤ የት እንደሚያድር ግን የሚያውቅ የለም። እሑድ እሑድ እየወጣን ባሕር ዛፉ መሐል ስሙን እየጠራን ዞርን። ክረምቱ ገባና መንገዱ ጭቃ ሆነ፤ እናቴ ወድቃ ጉልበቷን ተጎዳች።

አዲስ ዓመት ሲቃረብ እናቴ ወጣቱ ዘንድ ተመልሳ ሄደች።

«ለእንቁጣጣሽ ስታበሉ እኔን ወጥ ላይ አድርገኝ» አለችው።

«እርስዎማ ይቀመጡ። ልጅዎ ሲመጣ እኛ እንጠራዎታለን።»

«አልቀመጥም፣ ልጄ። እኔ ነኝ የማወጣለት።»

በዕለቱ ነጭ ቀሚሷን ለብሳ ጭልፋ ይዛ ከድስቱ ኋላ ቆመች። እኔ ውሃ አድል ነበር። ሰልፉ ረጅም ነው፤ ልጅ ያዘለች እናት አለች፣ በክራንች የሚሄድ ወታደር የነበረ ሰው አለ፣ ማስቲሽ የሚስቡ ልጆች አሉ። እናቴ ለእያንዳንዱ «እንኳን አደረሰህ፣ እንኳን አደረሰሽ» እያለች ታወጣለች። ዓይኗ ግን ከሰልፉ ጅራት አይነሳም።

እሱ መጣ። ላዩ ላይ የጣለው የተቀዳደደ ሸራ ነው፤ እግሩ ተሰነጣጥቋል። ተራው ደርሶ ሳህኑን ሲዘረጋ እናቴ ጭልፋውን ድስቱ ውስጥ ነከረች። አወጣችለት። ጨመረችለት። ደግማ ጨመረችለት።

«እግዜር ይስጥልኝ፣ እናቴ» አላት።

ከፊቱ የነበሩት ሁሉ እንዲሁ ብለዋት ነበር። ለእርዳታ እጁን የሚዘረጋ ሰው ሁሉንም ሴት እናቴ ይላል። አውቆ ይሁን ሳያውቅ ሳትለይ፣ ጭልፋውን እንደያዘች ቀረች። ከኋላ ያሉት ይጠብቃሉና ለሚቀጥለው ማውጣት ነበረባት። አወጣች።

እኔ ውሃ ይዤ ተከተልኩትና አጠገቡ መሬት ላይ ተቀመጥኩ።

«ወንድሜ፣ እኔ ነኝ» አልኩት።

ፊቴን ለረጅም ጊዜ አየው። «ከስተሻል» አለኝ።

ውሃውን አጠገቡ አስቀመጥኩ። «ቤት እንሂድ። እማዬ እዚያ ናት፣ አየሃት አይደል?»

«አይቻታለሁ።»

«ታዲያ?»

ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ጣሪያው ላይ ያሉት የሚፈልጉት እኔን ነው። ቤት ከገባሁ ተከትለውኝ ይመጣሉ፤ እሷን ያገኟታል። እኔ እዚህ ስሆን አይነኳትም።» ይህን ያለኝ ልክ ድሮ ስለ መብራት መስመር ሲያስረዳኝ በሚናገርበት ረጋ ያለ ድምፅ ነው። ከዚያ እናቴ ያወጣችለትን ሥጋ በእንጀራ ጠቀለለና አጎረሰኝ።

ለእናቴ ማታ ቤት ነገርኳት። ልዋሻት አስቤ ነበር፤ አልቻልኩም። «ለኔ ብሎ ነው እንግዲህ ብርዱን የሚችለው» አለች። ከዚያ ቀን ወዲህ ወፍራም ልብስ ደራርባ ስትተኛ አይቻት አላውቅም።

በገና ሌላ ነገር አሰብን። አንድ የሚያውቀን የጤና ባለሙያ ድንኳኑ ውስጥ ሆኖ ቀስ ብሎ ሊያናግረው፣ ፈቃደኛ ከሆነ ወደ ሕክምና ሊወስደው ተስማማ። ወንድሜ መጣ፤ ከእናቴ እጅ ተቀብሎ ተቀመጠ፤ ከኔ ጋርም ጥቂት ተነጋገረ። ባለሙያው ትሑት ሰው ነው፤ ሳይቸኩል መጥቶ ራቅ ብሎ ተቀመጠና «እንኳን አደረሰህ» አለው። ወንድሜ ቀና አለና አየው። ሳህኑን መሬት ላይ አስቀምጦ ተነሳ፤ ከድንኳኑ ወጣና ወደ ላይ ወደ ጫካው ሮጠ። ልጆቹ ሊከተሉት ሲሉ እናቴ «ተዉት፣ አታስደንግጡት» ብላ ከለከለቻቸው።

ፋሲካ ደረሰ። እናቴ ከድስቱ ኋላ ቆማ ጠበቀች። ሰልፉ አለቀ፣ ወጡ አለቀ፣ ልጆቹ ወንበር ማጠፍ ጀመሩ። አልመጣም።

እዚያው ሽሮሜዳ ቤተ ክርስቲያን ደጅ የሚለምኑ አንዲት አሮጊት ናቸው የነገሩን። እናቴን ጎተት አድርገው አስቀመጧትና፣ በዐቢይ ጾም ውስጥ አንድ ጠዋት ጭራሮ ለቃሚ ሴቶች ዛፍ ሥር እንደተኛ እንዳገኙት፣ ፖሊስ መጥቶ እንዳነሳው ነገሯት። «ብርድ ነው የገደለው ይላሉ፤ ጥሩ ሰው ነበር» አሉ። እናቴ እጃቸውን ይዛ አልለቀቀችም።

ተከታትለን ስንደርስ አስከሬኑን የጠየቀ ሰው ስላልነበረ ማዘጋጃ ቤት ቀብሮታል። ሬሳ ክፍል የሚሠራው ሰው ስለ ግንባሩ ጠባሳ ስንነግረው «አዎ፣ እሱ ነው» አለን። መቃብሩን ግን ለይቶ ሊያሳየን የቻለ አልነበረም። እናቴ የሞተበትን ቀን ጠየቀችው። ቁርጥ ያለውን የሚያውቅ የለም፤ የተገኘው በዚያ ቀን ነው እንጂ ያረፈው ከዚያ በፊት ነው።

«አርባውን ከየት ጀምሬ ልቁጠር ታዲያ?» አለችው።

ተዝካሩን በራሷ በመረጠችው ቀን አወጣች። ቤት ውስጥ አላደረገችውም። ወጣቱን ለምና ድንኳኑን እዚያው ሜዳ ላይ አስተከለች፤ የጠራችውም ከሱ ጋር ሲበሉ የነበሩትን ነው። ወጣቱ ለጓደኞቹ «ዛሬ ስልክ የሚያወጣ እንዳይኖር» አላቸው፤ ማንም አላወጣም። ቄሱ ጸሎት ካደረሱ በኋላ ሰዎቹ በሉ። በክራንች የሚሄደው ሰው ተነስቶ እናቴ አጠገብ መጣና፣ በክረምት ላስቲክ ቤታቸው ሲያፈስ ወንድሜ ከጫካ ወርዶ ይጠግንላቸው እንደነበር ነገራት። አንዲት ሴት ደግሞ፣ ልጇን ያመማት ጊዜ እሳት እያነደደ አብሯት እንዳደረ ተናገረች። ከእኛ ይልቅ እነሱ ናቸው የመጨረሻ ዓመታቱን የሚያውቁት። እናቴ አንድም ቃል ሳታቋርጥ ሰማቻቸው፤ ሲጨርሱ «ሌላስ? ሌላ ያደረገው ነገር የለም?» እያለች ትጠይቃለች።

አሁንም በዓል በመጣ ቁጥር ሽሮሜዳ ትሄዳለች። ጉልበቷ ስለሚያማት ወንበር ያመጡላታል፤ እሷ ቆማ ነው የምታወጣው። እኔም አብሬያት እሄዳለሁ። ሰልፉን ግን ማየት አልችልም። ከድንኳኑ ጀርባ ካሉት ልጃገረዶች ጋር ተቀምጬ ሳህን አጥባለሁ፤ የምሰማው የእሷን ድምፅ ብቻ ነው፣ ለእያንዳንዱ እንኳን አደረሰህ ስትል።