የፓራሚሲየም ሞግዚት

ባለ ማዕረግ፣ ባለ ወንበር፣ ባለ ማኅተም ሁሉ ተነስቶ ይቁም! ዛሬ የምናወድሰው በአንድ የምርምር ተቋም ምድር ቤት ፓራሚሲየም የምትቀልብ ሴት ነው። ፓራሚሲየም ማለት ኩሬ ውስጥ የሚዋኝ፣ ያለ ማይክሮስኮፕ የማይለይ ባለ አንድ ሕዋስ ፍጡር ነው። ፎቅ ያሉት «ሞግዚቷ» ይሏታል፤ ማሾፋቸው ነው። እሷ ግን እውነትም አሳዳጊ ናት፤ ደረቅ ሣር ቀቅላ፣ አጥልላ፣ አቀዝቅዛ ታቀርብና «ብሉ እንግዲህ፣ ኩርፊያ የለም» ትላቸዋለች።

ብርዱ ሲበረታ አንጀቷ አልቻለም። ጠርሙሶቹን ከመደርደሪያ አንስታ፣ ሞተሩ የሚያሞቀው ፍሪጅ አናት ላይ ደረደረቻቸው። ለልጇ ሹራብ የደረበች እናት ምን አጠፋች?

ፍጡሮቹን የሚያጠናው ዶክተር ሴረም ሊሞክር ከፎቅ ወረደ። ይህ ሴረም የፍጡሮቹን ገላ የሸፈነውን ፕሮቲን ሲያገኝ ጨምድዶ ይይዝና መዋኘት ያስቆማቸዋል። ጠብ አደረገባቸው። እነሱ እቴ! ይጋልባሉ።

«እነዚህ የእኛ አይደሉም፤ ባዕድ ዘር ገብቷል። እትዬ፣ ድፊያቸው።»

«ሁሉም?»

«ሁሉም!»

ዘሩ ሌላ ቦታ የለም። ከተደፋ የእሱ ጥናትም የእሷ ሥራም አብረው በቧንቧ መውረዳቸው ነው። በዚያ ሕንፃ ደግሞ ጥፋት ባለቤት ኖሮት አያውቅም፤ ሁሌም የሚሳበበው በመብራት መጥፋት ነው። እሷ ግን ተናገረች።

«ዶክተር፣ ይቆጡኝና ልንገርዎ። በረዳቸው ብዬ ፍሪጁ ላይ አውጥቻቸው ነበር።»

«ፍሪጁ ላይ?»

«ይሞቃል እኮ!»

ዶክተሩ ግንባሩን ያዘ፤ ከዚያ ሳቁ አመለጠው። «ልብስ አስቀየርሻቸዋ! ሲሞቃቸው የብርዱን ልብስ፣ ያን የገላቸውን ፕሮቲን፣ የሚሠራው ጂን ዝም ይላል፣ የሙቀቱ ይነሳል። የእኛ ሴረም የሚያውቀው የብርዱን ልብስ ብቻ ነው።»

«ታዲያ ያኛው ጠፋ?»

«ጂኑ የት ይሄዳል? ውስጣቸው ነው። አቀዝቅዢያቸው፣ ይባዙ፣ እናያለን።»

እኔ የማውቃቸው ባለ ካባዎች ለብርዱም ለሙቀቱም ደርበው ይሄዳሉ፤ ፓራሚሲየም ግን ጨዋ ነው፣ በአንዴ አንድ ብቻ ይለብሳል።

ጠርሙሶቹ ወደ መደርደሪያው ተመለሱ። ሞግዚቷ ዳግም ላሙቃቸው ብሎ እንዳያመልጣት እጇን ኪሷ ውስጥ ከትታ በየጠዋቱ ታያቸዋለች። ፍጡሮቹ ደጋግመው ከተባዙ በኋላ ዶክተሩ ሴረሙን ጠብ አድርጎ ማይክሮስኮፑን ለቀቀላት። አንዳንዶቹ ዘገም አሉ፣ ተንገዳገዱ፣ ቆሙ።

«እነዚያ ግን አሻፈረኝ ብለዋል» አለች።

«የሙቀቱን ልብስ ገና አላወለቁም። ይመጣሉ።»

«ነገም እኔ ነኝ የምመግባቸው?»

«ታዲያ ማን ሊሆን ኖሯል?»

አንባቢ ሆይ፣ ጠባዩ ተለወጠ ብለህ ልትደፋው ያሰብከው ሰው ካለ፣ እባክህ እጅህን ከማንሳትህ በፊት አንተ ራስህ የት አስቀምጠኸው እንደነበር አስብ።